በማን ቁና እንሰፈራለን?

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ለሚያታልል ነጋዴ፣ ፍርድ ለሚያጓድል ዳኛ፣ በድኻ ላይ ለሚጨክን ባለጠጋ ነው። እኔ ግን ዛሬ ለራሳችን ለምሕንድስና ተማሪዎች ላቀርበው አስቤአለሁ። የሰፈረ ሰው በሰፈረበት ቁና ይሰፈራል፤ ይህ የታወቀ ነው። የራሱ ቁና የሌለው ሰውስ በምን ይሰፈራል? በሰው ቁና ነዋ! ቁናው ሙሉ ይሁን ጎዶሎ ለማወቅ ግን መንገድ የለውም። የሰጡትን ተቀብሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ ባጭሩ የሚከተለው ነው። አገራችንን በይበልጥ የቸገራት የመለኪያ መሣሪያ ማጣት አይደለም። መሣሪያውማ በየዓመቱ በመርከብና በአውሮፕላን ይገባል። የቸገራት መሣሪያው የተናገረውን ቍጥር «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ጠይቆ የሚመረምር፣ መርምሮም የሚያርም ሰው ማነሱ ነው። ይህም ሰው ከሌላ ቦታ አይመጣም፤ ዛሬ በየክፍሉ ተቀምጠን ቀመር የምንሸመድድ እኛው ነን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከመገናኛ ተነሥታችሁ በጉርድ ሾላ በኩል ወደ ሲ.ኤም.ሲ. ስትሄዱ ዐይናችሁን ገልጣችሁ ተመልከቱ። ማደያው ነዳጅ በሊትር ይቈጥራል። ሥጋ ቤቱ በኪሎ ይመዝናል። ፋርማሲው የደም ግፊት ይለካል። በየቤቱ የመብራት ቈጣሪና የውሃ ቈጣሪ አለ። በመንገዱ መካከል የሚያልፈው ባቡር ያለ መለኪያ አንድ እርምጃ አይራመድም። በኪሳችን ያለው ስልክ እንኳ መንቀጥቀጥን፣ አቅጣጫንና ብርሃንን የሚያውቁ ጥቃቅን መሣሪያዎች በውስጡ አሉት። ገንዘባችን፣ ጤናችንና ሕይወታችን ሳይቀር በእነዚህ ዕቃዎች ቃል ይተዳደራል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ልኩ ትክክል መሆኑን እኛ መርምረን የምናውቀው ስንቱን ነው?

አባቶቻችን ክንድና ስንዝር፣ ቁናና ዳውላ፣ ወቄትና ፈረሱላ ነበራቸው። ልካቸው ከአገር አገር ይለያይ ስለ ነበረ ዛሬ ወደ እርሱ እንመለስ የሚል የለም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ነበረው። ቁናው በገበያው ሁሉ ፊት የሚታይ ዕቃ ነው። አፉ ቢጠብ፣ ሆዱ ቢጎብጥ፣ ከሥሩ ጭራሮ ቢነጠፍበት፣ እህል የምትሸጠው ባልቴት «ይኼ ቁና አይደለም!» ብላ ትጮኻለች። የዛሬው መሣሪያ ግን የታሸገ ሣጥን ነው። ፊቱ ላይ ቍጥር ያበራል፤ ውስጡን የሚያይ የለም። ቍጥሩ ስለሚያበራና ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ስላለው ብቻ እንሰግድለታለን። የዱሮዋ ባልቴት ቁናውን ትመረምር ነበር፤ የዛሬው የምሕንድስና ተማሪ ግን ሣጥኑን ያምናል። ከሁለቱ ማንኛቸው ነው የሠለጠነው?

ነገሩ በውል እንዲገባን ከመሠረቱ እንጀምር። በእንግሊዝኛው ሴንሰር፣ በአማርኛችን ዳሳሽ የምንለው ዕቃ ሙቀትን፣ ግፊትን፣ ጭነትን ወይም ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ነው። እንግዲህ አስተርጓሚ ነው ማለት ነው። ተፈጥሮ በራሷ ቋንቋ ትናገራለች፤ ዳሳሹ ወደ ኤሌክትሪክ ይመልሰዋል፤ ማጉያው ደካማውን ድምፅ ያጐላዋል፤ ሌላው ክፍል ወደ ቍጥር ይለውጠዋል፤ በመጨረሻ ሰው ያነበዋል ወይም ማሽን ያደርገዋል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንዱ ቀለበት ቢላላ የመጨረሻው ቍጥር ውሸት ይሆናል። ውሸቱ ግን ውሸት መሆኑን አይናገርም፤ እንደ እውነቱ ሁሉ በዚያው መስኮት፣ በዚያው መልክ ያበራል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ቴርሞካፕል የሚባለው የሙቀት ዳሳሽ ሁለት ልዩ ልዩ የብረት ሽቦዎች ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው የሚሠራ ነው። ኬ የሚባለው ዓይነት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሰጠው 41 ማይክሮቮልት ያህል ብቻ ነው። ተማሪ ሁሉ የሚገዛው ርካሽ የአርዱኢኖ ሰሌዳ ደግሞ 5 ቮልትን በ1,024 እርከን ይከፍላል፤ አንዱ እርከን 4.9 ሚሊቮልት ያህል ነው። እንግዲህ ቴርሞካፕሉ ያለ ማጉያ በቀጥታ ቢያያዝ፣ ቍጥሩ በአንድ እርከን ከፍ እንዲል ሙቀቱ 119 ዲግሪ ያህል መጨመር አለበት። ጀበናው ፈልቶ እስኪገነፍል ድረስ መሣሪያው ምንም ሳይሰማ ሊቀር ይችላል ማለት ነው! ይህን ስሌት በሁለት መስመር የሚሠራ ተማሪ ማጉያ መጨመር እንዳለበት ያውቃል። ያላሰላው ግን ሽቦውን አያይዞ፣ «ዳሳሹ ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል፤ ወይም ከዚህ የባሰውን ያደርጋል፤ የሆነ ቍጥር ፈጥሮ ይጽፋል።

ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አለ፤ እርሱም የሁላችንም ነው። ቴርሞሜትር እንዴት እንደሚመሳከር በየመማሪያ መጽሐፉ ተጽፎአል። በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ስታስገባው 0፣ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ስታስገባው 100 ማለት አለበት ይላል። ይህ በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው እውነት ነው። ጉርድ ሾላ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንጦጦ ጫፍ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ገደማ፣ ከ90 ዲግሪም በታች ይፈላል። ባቄላ በአዲስ አበባ ለመብሰል ለምን እንደሚዘገይ እናቶቻችን ያውቁታል፤ ምክንያቱን ነው ያልነገሩን።

በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። የቤተ ሙከራውን ስም አላነሣም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና። የሙከራ ጓዶች ቴርሞሜትሩን በሚፈላ ውሃ ውስጥ አስገብተው 92 አነበቡ። መሣሪያው እውነቱን ተናገረ። እነርሱ ግን እርስ በርሳቸው ተያይተው፣ መጽሐፉን ገልጠው፣ በሪፖርቱ ላይ 100 ብለው ጻፉ። አራሚውም ትክክል ብሎ ምልክት አደረገበት። ልብ በሉ! በዚያ ክፍል ውስጥ እውነት የተናገረ አንድ ዕቃ ብቻ ነበር፤ እርሱንም የሚሰማው አልተገኘም። ይህ የተማሪዎቹ ስንፍና ነው ብላችሁ አትለፉት። በየደረጃው ለፈተና የተጻፈውን እንድንደግም እንጂ ያየነውን እንድንናገር አልተለማመድንም። በሰው ቁና መሰፈር ማለት ይህ ነው፤ የባሕር ጠረፉን 100 በእንጦጦ ግርጌ ማንገሥ።

«በአንድ ቴርሞሜትር ምን ይመጣል?» የሚል ቢኖር፣ አንድ ዳሳሽ ብቻ መታመኑ ምን እንዳመጣ እነሆ።

እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቍጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላን፣ ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ ጕዞ ጀመረ። ስድስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። የ157 ሰዎች ሕይወት አለፈ። አብራሪው ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት፣ ረዳት አብራሪው አሕመድኑር መሐመድ የ25 ዓመት ወጣቶች ነበሩ፤ በዕድሜ የእኛ ታላቅ ወንድሞች ናቸው።

አውሮፕላኑ ክንፉ ከሚመጣው ነፋስ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ዳሳሾች ነበሩት፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ከተነሣ ጥቂት ቆይቶ የግራው ዳሳሽ 74.5 ዲግሪ ሲያመለክት የቀኙ ግን ከ15.3 አላለፈም። በአንድ አውሮፕላን ላይ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ነፋስ ውስጥ 59 ዲግሪ ልዩነት! ማንም ሰው፣ መሐንዲስ መሆን ሳያስፈልገው፣ ከሁለቱ አንዱ እንደሚዋሽ ይረዳል። ኤምካስ የተባለው ራሱን በራሱ የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ግን የተሠራው አንዱን ዳሳሽ ብቻ እንዲያዳምጥ ነበር። ያዳመጠውም የሚዋሸውን ሆነ። አፍንጫው ከልክ በላይ ወደ ላይ ያቀና መስሎት አውሮፕላኑን ወደ ታች ደጋግሞ ገፋው። ከአምስት ወር በፊት፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር አውሮፕላን በዚሁ ዓይነት መንገድ ወድቆ 189 ሰዎች አልቀው ነበር።

ዳሳሹ ለምን ተበላሸ በሚለው ላይ መርማሪዎች አልተስማሙም። የኢትዮጵያ የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ቢሮ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ምክንያቱን ከኤሌክትሪክ ብልሽት ጋር አያያዘው፤ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ደግሞ ወፍ መትቶት ነው አሉ። ወፍም ይሁን ሽቦ፣ ለእኛ ለተማሪዎች የሚበልጠው ትምህርት ሌላ ነው። ዳሳሽ ይበላሻል፤ ይህ የማይቀር ነው። ወንጀሉ የዳሳሹ መበላሸት ሳይሆን፣ ይበላሻል ብሎ ያላሰበ ንድፍ ነው። ከአደጋው በኋላ ሥርዓቱ ሲታረም የተጨመረው ነገር እጅግ ቀላል ነበር፤ የግራውንና የቀኙን ዳሳሽ ቃል ያነጻጽራል፤ ካልተስማሙ እጁን ይሰበስባል። «ሁለት ምስክር ቁም» የሚለው የሽማግሌ ሕግ ነው! በገጠር ዳኝነት ያለ የነበረ ጥበብ በቢሊዮን ዶላር ፋብሪካ ውስጥ ተዘንግቶ ነበር።

ከዚህ አደጋ ሌላም ትምህርት አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጣቱን ወደ አብራሪዎቻችን የቀሰረ የውጭ ሰው አልጠፋም ነበር። ያንን አፍ የዘጋው ለቅሶአችን ወይም ቍጣችን አልነበረም፤ በመዝጋቢው ሣጥን ውስጥ የተገኘው ቍጥር ነው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ወይዘሮ ዳግማዊት ሞገስ የመጀመሪያውን ሪፖርት ሲያቀርቡ በእጃቸው የነበረው ማስረጃ ይኸው ነበር። እንግዲህ ልኬት የነጋዴ ጕዳይ ብቻ አይደለም፤ ምስክር ነው፤ የሟችን ስም የሚጠብቅ ጠበቃ ነው። ሣጥኑ ግን የተነበበው በፓሪስ ነበር። ምርመራውን የመራነው እኛ ነን፤ ሣጥኑን የከፈተው የሌላ አገር ባለሙያ ነው። ይህ በዓለም የተለመደ አሠራር ስለ ሆነ የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳፍረው ሌላው ሁሉ ሣጥናችን እንደዚሁ በሌላ ሰው እጅ ብቻ እንዲከፈት ወስነን ስንቀመጥ ነው።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። የከተማው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። ጉርድ ሾላም የራሱን ፌርማታዎች አገኘ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት መቆማቸው በይፋ ተነገረ። የውጭ ምንዛሪ እጥረት መኖሩን ማንም አይክድም። ነገር ግን የባቡር ጎማ በአንድ ሌሊት አያልቅም፤ ሚሊሜትር በሚሊሜትር ነው የሚበላው። ጎማው ጠፍጣፋ ቦታ ሲያወጣ ሐዲዱን በየዙሩ ይደበድበዋል፤ ያን ድብደባ ከሐዲዱ አጠገብ የተቀመጠ የንዝረት ዳሳሽ ይሰማዋል። በየወሩ የተለካ መልበስ መቼ እንደሚያልቅ አስቀድሞ ይነግራል፤ አስቀድሞ የታወቀ ዕቃም አስቀድሞ ይታዘዛል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት በመሐንዲስ ቋንቋ ሲተረጐም ይህ ነው። ለመሆኑ በዚያ ሐዲድ ዳር በየቀኑ ከምናልፈው ተማሪዎች መካከል የመመረቂያ ሥራውን በዚህ ላይ ያደረገ ስንት አለ?

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምድሪቱ ራሷ ተናገረች። ከመስከረም ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፋን አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ለወራት ቀጠለ፤ በአዲስ አበባም በፎቅ ቤቶች የሚኖር ሰው ሌሊት እየነቃ ወደ ደጅ ወጣ። መንግሥት ከአፋር፣ ከኦሮሚያና ከአማራ ክልሎች 80 ሺህ ያህል ሕዝብ ከአደጋው ቀጠና ለማንሣት ሥራ መጀመሩን አስታወቀ። በዚያ ጊዜ እያንዳንዳችን ምን አደረግን? ስልካችንን አውጥተን የአሜሪካንና የአውሮፓን የመሬት መንቀጥቀጥ ተቋማት ገጽ ከፈትን። እግራችን ሥር የተንቀጠቀጠውን ምድር ከባሕር ማዶ ጠየቅን።

ይህን ስል የራሳችን ታዛቢ አልነበረንም ማለቴ አይደለም። በ1950 ዓ.ም.፣ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በሚከበርበት ጊዜ፣ በቀድሞው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቁሞአል። አዲስ አበባ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ የቀረበች ስለ ሆነች ለዓለም ሳይንስ የተፈለገች ቦታ ነበረች። ካናዳዊው መምህር አባ ፒየር ጉዌን መሣሪያዎቹን ተክለው፣ ለብዙ ዓመታት እየመዘገቡ፣ በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬና ማጀቴ ላይ የደረሰውን ብርቱ መንቀጥቀጥ ጨምሮ የአገራችንን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አሰባስበው በ1979 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። እንግዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነ ቅርስ አለን። ነገር ግን ጥቂት ጣቢያዎች ሰፊ አገር አይሸፍኑም። የመንቀጥቀጥ መነሻ በትክክል የሚታወቀው ማዕበሉ በብዙ ጣቢያዎች የደረሰበት ሰዓት ሲነጻጸር ነው፤ ጣቢያው ሲርቅና ሲያንስ ስሕተቱ በኪሎ ሜትሮች ይሰፋል። ሁለት ምስክር ለአውሮፕላን ካስፈለገ፣ ለስምጥ ሸለቆአችን ስንት ያስፈልገዋል?

ሰማዩንም እንይ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን፣ 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1፣ ከቻይና ታይዩአን ወደ ሕዋ ተላከች። መቈጣጠሪያ ጣቢያው በእንጦጦ ተሠራ። ደስታችን ትልቅ ነበር፤ ሊሆንም ይገባዋል። ነገር ግን ከሰማይ የሚመጣ ምስል በራሱ እህል አይደለም። ሳተላይት የሚልከው የብርሃን ልክ ነው። ያ ልክ ስንዴ ይሁን ጤፍ፣ ደረቅ ይሁን እርጥብ የሚታወቀው በምድር ላይ፣ በማሳው ውስጥ ቆሞ በለካ ሰው ቍጥር ሲመሳከር ነው። ያ ሰው ከሌለ ነገራችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል።

አየሩንም እንዲሁ። ከ2008 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የአዲስ አበባን አየር ንጽሕና በየሰዓቱ ለሕዝብ ከሚያሳዩት መሣሪያዎች ዋነኛው የአሜሪካ ኤምባሲ ያቆመው ነበር። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት በመላው ዓለም ያሉትን ኤምባሲዎች መረጃ ማሠራጨት አቆመ። ጭሱ አልቆመም፤ ቍጥሩ ቆመ። የለገሠ ሰው ልግሥናውን የማቆም መብት አለው፤ ስለዚህ ወቀሳዬ በእርሱ ላይ አይደለም። የምንተነፍሰው አየር የእኛ ሆኖ፣ ልኩ የጎረቤት ውሳኔ መሆኑ ግን ሊያንገበግበን ይገባል።

«ድኻ አገር ነን፤ ሕዝቡ እንጀራ ይፈልጋል፤ ዳሳሽ የሀብታም ጨዋታ ነው» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። መልሴ እንዲህ ነው። ሀብታም ሰው የጎደለ ኪሎ ቢገዛ አይርበውም፤ ድኻ ግን በየቀኑ ጥቂት ግራም ቢጎድልበት የወሩ ቀለብ ይጎድልበታል። የተዛባ የመብራት ቈጣሪ፣ የተሳሳተ የደም ግፊት መለኪያ፣ ጎዶሎ የሚቀዳ የነዳጅ ማደያ አስቀድሞ የሚጎዳው ድኻውን ነው። ደግሞም ድኻ አገር መሣሪያ ሁለት ጊዜ ለመግዛት አቅም የላትም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ የገዛችውን በልኩ ጠብቃ ማቆየት ከሀብታሙ ይልቅ እርስዋን ያስፈልጋታል።

ሌላው ደግሞ «መንግሥት ያውቃል፤ ይህ የመሥሪያ ቤት ሥራ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ መሥሪያ ቤት አለ። በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ሥራ ሲከፋፈል ብሔራዊ የሥነ ልክ ተቋም ራሱን ችሎ ቆመ። የአገሪቱ እናት ልኮች የሚጠበቁት በእንዲህ ያለ ቤት ነው። ነገር ግን እናት ልክ ብቻዋን ምን ታደርጋለች? ልጆች ያስፈልጓታል። በየፋብሪካው፣ በየሆስፒታሉ፣ በየትምህርት ቤቱ ያለው መሣሪያ ወደ እርስዋ ሄዶ ካልተመሳከረ ልኩ በቍም ሣጥን የተቈለፈ ጌጥ ይሆናል። መሣሪያውን ይዞ የሚሄደው ሰው ደግሞ ከእኛው መካከል ነው የሚወጣው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የራሳችን የተማሪዎች ነው፤ «መሣሪያ የለንም፤ በአንድ ኦሲሎስኮፕ ላይ ዐሥራ አምስት ሰው ተሰልፎ ምን ይማራል?» ይላል። ይህ እውነተኛ ቅሬታ ስለ ሆነ አልንቀውም። ነገር ግን የጠቀስኳቸውን ምሳሌዎች መለስ ብላችሁ እዩ። የ92 ዲግሪው ነገር የጐደለው መሣሪያ አልነበረም፤ ቴርሞሜትሩ ነበረ፤ በትክክልም ሠርቶአል። የጐደለው «ያየሁት ይህ ነው» ብሎ የሚጽፍ እጅ ነው። እርሱ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም።

ወቀሳ ብቻውን ምግብ ስለማይሆን፣ ለማኅበራችንና ለየትምህርት ክፍሉ አምስት ዐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በማንኛውም የመመረቂያ ሥራ ላይ የተጻፈ ቍጥር ሁሉ የስሕተት ወሰኑ አብሮት ይጻፍ። «25 ዲግሪ» ብሎ ማቆም ይቅርና፣ «25 ዲግሪ፣ ግማሽ ዲግሪ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች፤ ከእገሌ መሣሪያ ጋር በእገሌ ቀን ተመሳክሮ» ይባል። ይህ የሌለበት ሥራ ይመለስ። ሕጉ በመጀመሪያው ዓመት ያስለቅሰናል፤ በሁለተኛው ዓመት ያስከብረናል።

ሁለተኛ፣ በቤተ ሙከራ ላለው ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ደብተር ይከፈት። መቼ ተመሳከረ፣ ከምን ጋር፣ ስንት አሳሳተ፣ ማን አረመው፤ ይኸው ይጻፍበት። ሕመምተኛ ካርድ አለው፤ መኪና የጥገና መዝገብ አለው፤ መልቲሜትራችን ለምን ወላጅ እንደሌለው ልጅ ይሆናል?

ሦስተኛ፣ ከጉርድ ሾላ እስከ እንጦጦ ተራራ ድረስ የተማሪ መለኪያ ጣቢያዎች እንትከል። ሙቀት፣ ዝናብ፣ አቧራና ንዝረት የሚለኩ ርካሽ ዳሳሾች ተገዝተው በየወዳጅ ግቢ ይቀመጡ። በመካከላቸው ያለው የከፍታ ልዩነት ብቻውን ለብዙ ትምህርት ይበቃል። ነገር ግን በአንድ ቦታ አንድ ዳሳሽ አይሁን፤ ሦስት ይሁን። ሁለቱ ሲስማሙ ሦስተኛው ቢያፈነግጥ ማን እንደ ዋሸ እናውቃለን። የ302ን ትምህርት በቃል ከመሸምደድ በእጅ መሥራት ይሻላል።

አራተኛ፣ ከጣቢያዎቻችን ቢያንስ አንዱ በብሔራዊ ደረጃ ከታወቀ መሣሪያ ጋር ይመሳከር። ለዚህም ማኅበሩ ደብዳቤ ይጻፍ፤ እኛም መሣሪያውን ተሸክመን እንሂድ። ርካሽ ዳሳሽ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ስሕተቱ የማይታወቅ ዳሳሽ ነው። ሁልጊዜ ሦስት ዲግሪ የሚያበዛ ቴርሞሜትር፣ ሦስት ማብዛቱ ከታወቀ፣ ታማኝ አገልጋይ ነው።

አምስተኛ፣ ውጤቱ በየወሩ በዚህችው በብዜት በምትወጣው ጋዜጣችን ይታተም። የሠመረው ብቻ ሳይሆን የከሸፈውም ይውጣ። ዝናብ የገባበት፣ አይጥ ሽቦ የበላበት፣ ባትሪ የሞተበት ቀን ሁሉ ይመዝገብ። የከሸፈውን የሚደብቅ ሰው የሚቀጥለውን ትውልድ በዚያው ጕድጓድ ውስጥ ይጥለዋል።

ይህ ሁሉ ሲደረግ የውጭ መሣሪያ መግዛት ይቅር ማለቴ አይደለም፤ የውጭውን ዕውቀት መናቅም አይደለም። እኔ የምማረው ሌሎች በጻፉት መጽሐፍ ነው፤ አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን መጽሐፉን ያከበረ ተማሪ ማለት መጽሐፉ የተጻፈበትን ከፍታ የሚጠይቅ ተማሪ ነው። ሥልጣኔ በሚያበራ ሣጥን አይገኝም፤ ሣጥኑ ሲዋሽ «ዋሸህ» ለማለት በመቻል እንጂ።

ጉርድ ሾላ ስሙን ያገኘው ከአንድ የተቈረጠ ዛፍ እንደ ሆነ ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ሰፈር በዛፍ ጉቶ የሚታወቅበት ዘመን አልፎአል፤ ዛሬ ሰፈርን ሰፈር የሚያሰኘው በውስጡ ያለው ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ስለ አየሩ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ምድሩ፣ ስለ ሐዲዱ የታመነ ቍጥር ያለው ሰፈር ከማንም ጋር ተከራክሮ መርታት ይችላል። ቍጥር የሌለው ግን ለልመና እጁን ይዘረጋል እንጂ አይከራከርም።

በየትምህርት ክፍሉ ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች፣ ለዚህ ጽሑፍ መልስ ቢኖራችሁ ጻፉ፤ ዓምዱ ክፍት ነው። ከመጻፋችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። በየቤተ ሙከራችሁ ያለውን አንድ ቴርሞሜትር ወስዳችሁ በሚፈላ ውሃ ውስጥ አስገቡት፤ ያነበባችሁትንም፣ ያነበባችሁትን ብቻ፣ ለሚቀጥለው እትም ላኩልን። የሁላችንን ቍጥር ጎን ለጎን አድርገን እናትማለን። የመጀመሪያው ቁናችን እርሱ ይሁን።